ከተማዋን አላባከንሻትም

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከመንገድ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ስሟንም ያለችበትንም ከተማ እንዳልጠቅስ ጠይቃኛለች። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

27 ዓመቴ ነው። ሥራዬን ለቅቄ፣ ያጠራቀምኳትን ይዤ፣ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ መጓዝ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስካሁን አንድ ከተማ ውስጥ ከሦስት ቀን በላይ ቆይቼ አላውቅም። አሁን ያለሁበት ግን ስምንት ቀን መቆየት ግድ ሆነብኝ። ወደሚቀጥለው አገር የሚወስደኝ ርካሽ በረራ የተገኘው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንደ ወጉ ዞርኩ። ሙዚየሙን አየሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ። በሦስተኛው ቀን መነሳት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ አረፋፍጄ እነሳለሁ። ልብሴን አጥባለሁ። ከሆስቴሉ አጠገብ ያለ መናፈሻ ሄጄ እዚያችው አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ሲመሽ ተመልሼ እተኛለሁ። በቃ፣ ቀኔ ይኸው ነው።

አብራኝ ዶርም ውስጥ ያለች መንገደኛ አለች። ገና ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ የምትመለሰው ማታ ነው። ትናንት ‘ይቺን ከተማ እኮ አባከንሻት’ አለችኝ። እየሳቀች ነው፤ ግን ከነከነኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በየቀኑ ‘የዛሬው ፎቶስ?’ እያለ ይጽፍልኛል። የምልክለት የለኝም። ስለሚቀጥለው አገርም ገና ምንም አላነበብኩም፤ ለማንበብ እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ።

የሚያሳፍረኝ ምን መሰለዎት? ደስ ብሎኛል። ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ቆጥቦ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይሄዳል? ሰነፍ ሆኜ ነው ወይስ ጉዞው ሰልችቶኝ? ትንሽ ጨምሬ ከፍዬ በረራውን ላስቀድመው? ያቺ ልጅም ወደዚያው አገር ነው የምትሄደው፤ አብረን እንጓዝ ትለኛለች። ምን ልበላት?

ወንበሯ ላይ ያለሁት»

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ።

አጭሩን መልስ ቀድሜ ልንገርሽ። ሰነፍ አይደለሽም። በረራውንም አትንኪው። ረዘም ያለው መልስ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ አንቺ ሮጥ ብለሽ ያለፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ እኔን ያስቆመችኝ ደግሞ እሷው ናት። እደርስባታለሁ። መጀመሪያ ስለ እንቅልፍሽ እናውራ።

ከሦስት ቀን በላይ አንድ ቦታ ቆይቼ አላውቅም ብለሻል። እስቲ አስቢው። ባለፉት ወራት ካደርሻቸው ሌሊቶች ቢያንስ ሲሶው በማታውቂው አልጋ ላይ የመጀመሪያ ሌሊት ነበር ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው አዲስ ቦታ ሲያድር የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፉ እንደሚረበሽ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሰው እንቅልፍ ሲለኩ የመጀመሪያውን ሌሊት ውጤት ብዙ ጊዜ የሚተዉት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ደስ የሚል ነገር አሳዩ። በመጀመሪያው ሌሊት፣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳለን እንኳ፣ የአንጎላችን ግራ ወገን ከቀኙ ይልቅ ነቃ ብሎ ያድራል። እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ቶሎ ያባንናል። ቦታው ሲለመድ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ዶልፊኖችና አንዳንድ ወፎች ግማሽ አንጎላቸውን አስተኝተው ግማሹን ዘብ ያቆማሉ፤ የእኛው እንደነሱ የጎላ ባይሆንም የዚያ ዓይነት ነገር ነው። አንቺ ደግሞ ይህን ዘብ በየሁለትና ሦስት ቀኑ አዲስ በር ላይ ስታቆሚው ከርመሻል። ያውም ዶርም ውስጥ! አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ በሌሊት ሻንጣውን ዚፕ ይከፍታል ይዘጋል፣ አንዱ ስልኩን ድምፅ ሳያጠፋ ይተኛል።

ስለዚህ በሦስተኛው ቀን መነሳት ሲያቅትሽ የሆነው ምንም ምሥጢር የለውም። አልጋው ተለመደ። ዘቡ ተኛ። አራት ወር የተጠራቀመ እንቅልፍ ደግሞ ሒሳቡን ሊቀበል መጣ። አረፋፍጄ እነሳለሁ ያልሽው ዕዳ መክፈል ነው፤ ክፈይው።

ወንበሯም ቢሆን ዝም ብላ አይደለም ደስ የምትልሽ። አዲስ ከተማ በገባሽ ቁጥር ስንት ነገር እንደምትወስኚ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ከጣቢያው በየትኛው በር ልውጣ? ይሄ ታክሲ እያታለለኝ ነው? ገንዘብ የት ልመንዝር? ይህ መንገድ ከመሸ ይኬዳል? ውሃው ይጠጣል? ሰውየው የሚያየኝ ለምንድን ነው? ይህን ሁሉ ብቻሽን፣ በማታውቂው ቋንቋ፣ ከባድ ነገር ተሸክመሽ ነው የምትወስኚው። በአራተኛው ቀን ግን ከሆስቴሉ ወጥተሽ ግራ ትታጠፊያለሽ፣ በቃ። ማሰብ የለም። የምታውቂው መንገድ፣ የምታውቂው ዛፍ፣ የምታውቂው ወንበር። ቤትሽ ሳለሽ ይህን በነፃ ስለምታገኚው አታይውም ነበር። መንገድ ላይ ሲገኝ ዋጋው ይታወቃል። ደስ ቢልሽ ምን ያሳፍራል?

ደግሞስ ማን ነው መንገደኛ ሁልጊዜ መንቀሳቀስ አለበት ያለው? ሞተር ከመምጣቱ በፊት በሕንድ ውቅያኖስ የሚጓዝ ሰው የመነሻ ቀኑን የሚቆርጥለት ነፋስ ነበር። ነፋሱ በዓመቱ ውስጥ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ በአንዱ ወቅት ከደቡብ ምዕራብ፣ በሌላው ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። በአንዱ ነፋስ ወደ አፍሪካ ዳርቻ የወረደ ነጋዴ፣ ሌላው እስኪመጣ ወደብ ከተማ ውስጥ ወራት ይቀመጣል። ይነግዳል፣ ይተኛል፣ መርከቡን ይጠግናል፣ ወሬ ይሰማል። ቀኑን ማስቀደም አይችልም፤ ነፋስ የመቀየሪያ ክፍያ አይቀበልም።

የመንገደኞች ሁሉ አውራ የሚባለው ኢብን ባቱታ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1325 ከሞሮኮዋ ታንጂር ሲነሳ 21 ዓመቱ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1349 ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሲሮጥ አልኖረም። ዴልሂ ውስጥ ለዓመታት ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል። ማልዲቭስም ሄዶ እንዲሁ ዳኛ ሆኖ፣ ትዳር ይዞ ወራት ኖሯል። ያቺ የዶርም ጓደኛሽ ብታገኘው ምን ትለው ነበር እላለሁ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል፤ የጸጸትሽ ግማሽ እዚያ ያለ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት የተቆጠበ ገንዘብ ወንበር ላይ እየባከነ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ። ሒሳቡን በወረቀት ሥሪው። ኪስ የሚያራቁተው መጓጓዣ ነው፣ የመግቢያ ትኬት ነው፣ ደክሞሽ ያለ ዕቅድ የገባሽበት ታክሲ ነው፣ ከተማውን ስለማታውቂ ውድ ቦታ የበላሽው ምግብ ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ ርካሽ ነው። የእነዚህን ስድስት ቀናት ወጪ ካለፈው ሳምንት ጋር አስተያይው፤ የትኛው ሳምንት ገንዘብሽን እንደበላ ራስሽ ታያለሽ። ለዚህ ነው በረራውን አትንኪው ያልኩሽ። ለመቀየሪያ የምትከፍይው ገንዘብ የሚገዛልሽ ነገር ቢኖር ድካምሽን ሳትጨርሺ ሌላ አዲስ አልጋ ላይ መውደቅ ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር። «ለማንበብ እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ» ብለሻል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አየሁት። ወንበሯን ስትገልጪ ደስታ አለ። ስለ እንቅልፍሽ ስትጽፊ እፎይታ አለ። እዚች ጋ ስትደርሺ ግን ድምፅሽ ይለወጣል። ያረፈ ሰው ስለሚቀጥለው ቦታ ባያነብ ግድ የለውም፤ ይረሳዋል። አንቺ አልረሳሽውም። እየከፈትሽ ነው የምትዘጊው። ይህ ሌላ ነገር ነው።

ማረፍና መሸሽ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የሚለያዩት ቀን ሲጨመርባቸው ነው። ያረፈ ሰው በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን እግሩ ይበላዋል። ካርታ ያያል፣ ከሰው ጋር ወሬ ይጀምራል፣ የማያውቀውን መንገድ ይሞክራል። የሚሸሽ ሰው ደግሞ ዓለሙ እየጠበበች ትሄዳለች። መጀመሪያ ሙዚየሙ ይቀራል፣ ቀጥሎ መናፈሻው፣ ቀጥሎ ከአልጋ መውረድ። አንቺ የትኛው ላይ እንዳለሽ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ደስ ብሎኛል ማለትሽ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። ነገር ግን ደስታው ጠፍቶ ባዶነት ብቻ ከቀረ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ድሮ የምትወጃቸው ነገሮች ሁሉ ምንም ካልመሰሉሽና ይህ አብዛኛውን ቀን እየሆነ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ጉዳዩ የጉዞ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪም ማነጋገር ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ካለሽ የሚሸፍንልሽን ቀድመሽ እዪ። ቤትም መመለስ ይቻላል። የተጀመረ ጉዞ የግድ ማለቅ አለበት የሚል ሕግ የለም።

አንቺ ግን እዚያ የደረስሽ አይመስለኝም። የሚመስለኝን ልንገርሽ። የምትፈሪው አገሩን አይደለም፤ የምትፈሪው የመድረሻውን ቀን ነው። አገሩማ ምን አደረገሽ? ገና አላየሽውም። የመድረሻው ቀን ግን አራት ወር ሙሉ ሲደጋገምብሽ የከረመ ነው፦ ሌሊት ማረፍ፣ የማይሠራ ሲም ካርድ፣ የማይገኝ አድራሻ፣ ዙሪያሽን የሚከማች ሰው። ምናልባት ባለፈው አገር ስትደርሺ የሆነ መጥፎ ነገርም ገጥሞሽ ይሆናል፤ አልጻፍሽውም፣ እኔም አልጎረጉርም። አንቺ ግን ለራስሽ ስሙን ጥሪው።

ስለዚህ ነገ ወንበርሽ ላይ ሆነሽ ያንን ገጽ ክፈቺው። ስለ አገሩ ታሪክ፣ ስለ ዐሥሩ የማይታለፉ ቦታዎች ምናምን አታንብቢ። ሦስት ነገር ብቻ እዪ። ስንት ሰዓት ነው የምደርሰው? ከኤርፖርት ወደ አልጋዬ በምን እሄዳለሁ? አልጋዬስ የት ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች አልጋ ያዢ፤ ከተቻለ ዶርም ሳይሆን የብቻ ክፍል። በዚህ ሳምንት በወንበር ያተረፍሽው ገንዘብ ለዚህ ይውላል። የምትደርሺው በሌሊት ከሆነ ከማረፊያው ሰው ይቀበልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ ገጹን ዝጊው፤ ንባብሽንም ቀጥዪ። አብዛኛው ፍርሃት እዚህ ላይ ያበቃል። ሦስቱ ተመልሰውም አሁንም የማያስተኛሽ ከሆነ፣ መቀየር ያለበት ቀኑ ሳይሆን አገሩ ሊሆን ይችላል። እሱም መብትሽ ነው።

እግረ መንገድሽን ማየት ያለብሽ የወረቀት ጉዳይ አለ፤ ይህን ዛሬውኑ አድርጊው። ነገ አትበይ። ለምን መሰለሽ፣ አንዳንዱ ነገር የቀን ቆጠራ አለው። የሚቀጥለው አገር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጠይቅ ከሆነና ካልተከተብሽ፣ ካርዱ የሚጸናው ከተከተብሽ 10 ቀን በኋላ ነው። አንቺ የቀረሽ ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህ ምክንያት በረራ መቀየር ግድ ቢሆን ዛሬ ማወቅ በር ላይ ከማወቅ ይሻላል። ድሮ ተከትበሽ ከሆነ አትጨነቂ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ላዩ ላይ የ10 ዓመት ገደብ የተጻፈበትም ቢሆን። የወባ መከላከያ ኪኒን የሚያስፈልግበት ቦታ ከሆነም ኪኒኑ የሚጀመረው ከመሄድሽ በፊት ነው። አንዳንዱ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ። ከተመለሱ በኋላም ይቀጥላል። የትኛው እንደሚስማማሽ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይንገርሽ፤ የዶርም ጓደኛ አይደለም።

ፓስፖርትሽንም ገልብጪው። ብዙ አገሮች ከምትገቢበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ፓስፖርት ይፈልጋሉ። ባዶ ገጽ መኖሩንም እዪ። ከዚያ ወዴት ትሄጃለሽ ብለው የመውጫ ትኬት የሚጠይቁም አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁሽ ደግሞ ገና ከዚህ ስትነሺ፣ አየር መንገዱ ባንኮኒ ላይ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ፤ ዝም ብለሽ የተቀመጥሽበት ቀንም ቪዛሽ ላይ ይቆጠራል። በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች (ሸንገን በሚባሉት) ለምሳሌ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ የሚፈቀደው ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ሙሉ ቀን ሆኖ ይያዛል። ወንበሯ አትታይም ብለሽ እንዳትሸወጂ።

የሚቀጥለው ቦታ ተራራማ ከሆነ ይህ ዕረፍትሽ ሌላም ጥቅም አለው። ከ2,500 ሜትር በላይ ሰውነት ከፍታውን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። 3,000 ሜትር ካለፍሽ በኋላ የምታድሪበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው ምክሩ። ደክሞሽ የሄድሽ እንደሆነ የከፍታውን ሕመም ከድካሙ መለየት ያስቸግርሻል።

ዕቃሽን እንደገና እሸጊው። አራት ወር የተሸከምሽው ግን ያልተጠቀምሽበት ነገር አለ፤ የሁሉም ሰው ቦርሳ ውስጥ አለ። አውጪና ለሚፈልገው ስጪው። ዶርም ውስጥ ትኋን አጋጥሞሽ ከነበረ ልብስሽን በ60 ዲግሪ አሳጥቢው፣ ወይም ሙቅ ማድረቂያ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ፓወር ባንክሽ ወደ ዕቃ መጫኛው አይገባም፤ እጅሽ ላይ ነው የሚያዘው። በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ በቁጥር 27,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። የስልክሽን ፎቶዎችም ሌላ ቦታ ገልብጪ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የቀረውን ጊዜ መልሼ ሰጥቼሻለሁ።

የቀረውን ምን አድርጊ ልበልሽ? ምንም። እውነቴን ነው። እግርሽ መበላት ከጀመረ ግን በቀን አንድ ነገር ብቻ ያዢ። ለምሳሌ ከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካለው ግቢ፤ ቋንቋውን ባታውቂውም ሰው ሲያነብ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ወይም አንዱን አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደሽ በዚያው ተመለሺ፤ በቀን፣ ሳይመሽ። ወንበርሽንም ባልተለመደ ሰዓት እያት። ጠዋት ያለው መናፈሻና ከሰዓት ያለው መናፈሻ አንድ አይደለም። ሌላ ሰው፣ ሌላ ብርሃን፣ ሌላ ወሬ ነው ያለው።

ብቻ «እንደ አገሬው ኖርኩ» የሚለውን ፈሊጥ ተይው። በስምንት ቀን ማንም አገሬው አይሆንም። አገሬው ኪራይ አለበት፣ አለቃ አለበት፣ የታመመ ዘመድ አለበት። አንቺ እንግዳ ነሽ። የተቀመጠች እንግዳ። ይህ በራሱ በቂ ነው፤ ሌላ ማዕረግ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ስትቀመጥ ሌላም ሰው ይለምዳታል። ብዙው ደግ ሰው ነው። ቢሆንም የት እንደምታድሪ፣ መቼ እንደምትሄጂ፣ ብቻሽን መሆንሽን ለማታውቂው ሰው አትንገሪ። ሰዓትሽን አልፎ አልፎ ቀይሪ። ሲመሽ የምትመለሺበትንም መንገድ እንዲሁ። ልቤ አልወደደውም ያልሽው ሰው ካለ ተነሽና ሂጂ፤ ማብራሪያ የለብሽም።

ወንድምሽን በተመለከተ። ፎቶ የሚጠይቀው ከተማዋን ለማየት ብሎ ነው ብለሽ ታምኛለሽ? እኔ አይመስለኝም። ታናሽ እህቱ ሩቅ አገር ብቻዋን ናት። «ደህና ነሽ ወይ?» ብሎ በየቀኑ ቢጠይቅ የፈራ ይመስላል፣ አንቺም ትቆጪያለሽ። ስለዚህ ፎቶ ይጠይቃል። ፎቶ ከመጣ በሕይወት አለሽ ማለት ነው። የወንበሯን ፎቶ ላኪለት። በነጋታውም ያንኑ ወንበር ላኪለት። «እዚህ ነኝ፣ አርፌያለሁ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ጻፊበት። የበረራ ቁጥርሽንና የምታድሪበትን ቦታ ስም ስትልኪለት ደግሞ የፎቶው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚቀንስ ታያለሽ። ለሌላው ሰው፣ ለተከታይ፣ ለጓደኛ፣ ለዘመድ ግን በየቀኑ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ የለብሽም። ስቶሪ ያልተለጠፈበት ቀንም ቀን ነው።

አሁን ያቺ ልጅ። ክፉ ሰው አትመስለኝም። እሷ የምትደሰተው እንደዚያ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ ማታ እግሯ አብጦ ስትመለስ። ጥያቄው ከእሷ ጋር መጓዝ ትችያለሽ ወይ ነው። ስድስት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ እሷ አንቺን ስትቸኩልብሽ፣ አንቺ በእሷ ስትሸማቀቂ ነው የከረማችሁት። ይህ ድንበር ስትሻገሩ አይለወጥም። እንዲያውም ገንዘብና አልጋ ሲጨመርበት ይብሳል።

እምቢ በያት ግን አልልሽም። አዲስ አገር ውስጥ አንድ የሚታወቅ ፊት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ በተለይ የመድረሻው ቀን ለሚያስጨንቃት ሰው። እንዲህ በያት፦ «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ብቻዬን አድራለሁ። ከዚያ ከፈለግሽ እንገናኝና ሁለት ሦስት ቀን አብረን እንይ። እኔ ቀስ እላለሁ፤ አንቺ ቀድመሽ ብትወጪ ቅር አይለኝም።» ይህን ከበረራው ሁለት ቀን በፊት ንገሪያት፣ የራሷን አልጋ እንድትይዝ። በጽሑፍ ሳይሆን በአፍ ንገሪያት፤ ‘አባከንሻት’ ያለችሽም ነገር ቅር እንዳሰኘሽ አብረሽ ጣል አድርጊ። ምናልባት ትስቃለች፣ ምናልባት ይቅርታ ትልሻለች። ካኮረፈች ደግሞ የጉዞ ጓደኛ እንደማትሆንሽ በነፃ አወቅሽ። አብራችሁ ከሄዳችሁም ወጪያችሁን በየቀኑ ተካፈሉ፣ ትኬታችሁ ለየብቻ ይሁን፣ ፓስፖርትሽንም አንቺው ያዢ።